ቁልፍ መቆለፍን ለማስተማር ስንት ዲግሪ ይበቃል?

ስትሮክ የመታው ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን ለመቆለፍ ይታገላል። ሁለት ሰዎች ቆመው ያዩታል፤ አንዷ ተማሪ ናት፣ ሌላዋ የተማሪዋ አሠልጣኝ። ተማሪዋ ያየችው ነገር ለማንም ግልጽ ነው፤ ግራ እጁ ስለደከመ ቁልፉን መጨበጥ አቅቶታል። የአሠልጣኟ ዐይን ግን ያረፈው እጁ ላይ አይደለም። ሰውየው ቁልፉን ሲፈልግ ፊቱን ወደ ግራ አለማዞሩን፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ በሁለተኛው ቀዳዳ አስገብቶ ስሕተቱን አለማወቁን፣ እጁን ሲያነሳ ወገቡ ወደ ጎን መንሸራተቱን፣ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ትቶት እጁን ጭኑ ላይ መጣሉን ትመዘግባለች።

ከውጭ ለሚያይ ችግሩ አንድ ነው፤ ሸሚዙ አልተቆለፈም። መንስኤው ግን የጡንቻ መድከም ሊሆን ይችላል፤ አንጎሉ የግራውን ዓለም ዘንግቶት ሊሆን ይችላል፤ የእንቅስቃሴው ቅደም ተከተል ጠፍቶበት ወይም ድባቴ ውስጥ ገብቶም ይሆናል። ለደከመ ጡንቻ የሚሰጠው ልምምድ ግራውን ለዘነጋ አንጎል እምብዛም አይረዳም። አንዱ በአንድ እጅ ለመቆለፍ የምታስችል መንጠቆ ብቻ ይበቃዋል። ሌላው ከታችኛው ቁልፍ እንዲጀምር፣ ዐይኑንም ሆን ብሎ ወደ ግራ እንዲወስድ መማር አለበት። ለሦስተኛው ደግሞ የዛሬው ትምህርት ከነጭራሹ ስለ ሸሚዝ ባይሆን ይሻላል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የሚባለው ባለሙያ ከትምህርት ቤት ይዞት እንዲወጣ የሚጠበቀው ይህን የመለየት ዐይን ነው። ለዚህ ስንት ዓመት ያስፈልጋል፣ በየትኛው ዲግሪ፣ በማን ገንዘብ የሚለው ጥያቄ ግን በተለይ አሜሪካ ውስጥ ሙያውን ከሃያ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። አሁን ደግሞ የተማሪዎች የብድር ሕግ ሲለወጥ ክርክሩ ከመምህራን ስብሰባ ወጥቶ ተማሪው ኪስ ውስጥ ገብቷል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ኦኩፔሽናል ቴራፒን «የሥራ ሕክምና» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው፤ ሰሚውን ግን ሥራ የሚያስቀጥር ወይም በፋብሪካ አደጋ የተጎዳ ሰው የሚታከምበት ያስመስለዋል። እዚህ ላይ የተፈለገው ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ብቻ አይደለም። ሰው ቀኑን የሚሞላበት ነገር ሁሉ ነው፤ መልበስ፣ መታጠብ፣ ልጅ ማቀፍ፣ መጻፍ፣ መጫወት፣ ከሕመም በኋላ ወደ መሥሪያ ቤት መመለስ። ፊዚዮቴራፒስት ጉልበቱ ምን ያህል ይታጠፋል ብሎ ሲለካ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት በዚህ ጉልበት መታጠቢያ ቤት ገብቶ መውጣት ይችላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በተግባር ድንበሩ እንዲህ የጠራ አይደለም፤ ሁለቱ ሙያዎች እንደ ጎረቤታሞች ወሰን ላይ ሲጋፉ የሚኖሩ ናቸው። ይህ መጋፋት፣ በኋላ እንደምንመለስበት፣ በዲግሪው ክርክር ውስጥም እጁ አለበት።

ሙያው የተወለደው በዩኒቨርሲቲ አልነበረም። መጋቢት 15 ቀን 1917 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች መንደር ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። ከመካከላቸው ዊሊያም ረሽ ደንተን የአእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ ኤሌኖር ክላርክ ስሌግል ከማኅበራዊ አገልግሎት፣ ሱዛን ኮክስ ጆንሰን ከእጅ ጥበብ መምህርነት የመጡ ናቸው። ስብሰባውን የጠሩት ጆርጅ ኤድዋርድ ባርተን ደግሞ አርክቴክት ነበሩ፤ በሳንባ ነቀርሳ የማቀቁ፣ በኋላም ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው በሽተኛ። በአናጺነትና በአትክልት ሥራ ሰውነታቸውን መልሰው ካለማመዱ በኋላ ነው በራሳቸው ያዩትን ለሌላው ለማስተማር የተነሡት። እንግዲህ ከመሥራቾቹ ዋነኛው የታወቁት በሐኪምነታቸው ሳይሆን በታካሚነታቸው ነው። ይህን የማነሳው ለታሪክ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ሙያው ዕውቀቱን ከአልጋው ዳር መጀመሩን ለማስታወስ ነው።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የተጎዱ ወታደሮችን የሚረዱ ሴቶች በአጭር ኮርስ ሠልጥነው ተሰማሩ። ከዚያ በኋላ የትምህርቱ ዘመን እየረዘመ፣ ዲግሪው እየከበደ ሄደ። በ1935 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ትምህርት ቤቶቹን መርምሮ ዕውቅና መስጠት ጀመረ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የመጀመሪያ ዲግሪ በቂ ነበር። ከ2007 ጀምሮ ግን በአሜሪካ አዲስ ገቢ ሁሉ ቢያንስ ማስተርስ ሊኖረው ግድ ሆነ። ካናዳም ወደ ማስተርስ ተሸጋግራለች።

ማስተርሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይወስዳል። የሚገርመው፣ ለመግባት የመጀመሪያው ዲግሪ በየትኛውም ዘርፍ ሊሆን ይችላል፤ ሙዚቃ ወይም ምህንድስና ያጠና ሰው ከባዮሎጂ ምሩቅ ጎን ይቀመጣል። የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ የስታቲስቲክስ፣ የሰው ልጅ ዕድገትና የሥነ ልቦና ኮርሶችን አስቀድሞ መውሰድ ግን አይቀርለትም። ከገባ በኋላ አብዛኛውን እንቅልፉን የሚነሳው የነርቭ ሥርዓት ትምህርት ነው። ቀጥሎ የሚመጡት የልኬትና የምዘና ኮርሶች፣ የእጅ መደገፊያ ሥራ፣ የሕፃናት ዕድገት፣ የአእምሮ ጤና ናቸው። ጋሪ ኪልሆፍነር ከ1980 ጀምሮ ያስፋፉትን ዓይነት የማሰቢያ ሞዴልም ይማራል፤ ሰው አንድን ነገር የሚያደርገው በፍላጎቱ፣ በልማዱና በአቅሙ መካከል መሆኑን፣ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ እንደሚናጉ። ካናዳውያን ያዘጋጁት አንድ የታወቀ መለኪያ ደግሞ ታካሚው ራሱ የሚቸገርባቸውን ተግባራት እንዲጠቅስ፣ ምን ያህል እንደሚችላቸውና ምን ያህል እንደሚያረኩት ከ1 እስከ 10 ነጥብ እንዲሰጥ ያደርጋል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳያርሙ መጻፍ ለብዙ ተማሪ ከአናቶሚ ይልቅ ይከብዳል።

ታላቁ ጠብ የመጣው በ2017 ነው። በአሜሪካ ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ዕውቅና የሚሰጠው ምክር ቤት ከሐምሌ 2027 ጀምሮ ወደ ሙያው መግቢያው ዶክትሬት ብቻ ይሆናል ብሎ ወሰነ። በሙያው ውስጥ የተነሣው ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። ውሳኔው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2019 ታጠፈና ሁለት በሮች ጎን ለጎን እንዲከፈቱ ተደረገ፤ ማስተርስም ዶክትሬትም። እስከዚያ ድረስ ግን ቀነ ገደቡ ይመጣል ብለው ሥርዓተ ትምህርታቸውን መለወጥ የጀመሩ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። ከመታጠፉም በኋላ ወደ ዶክትሬት መሻገሩ አልቆመም።

የዶክትሬት ደጋፊዎች የሚሉት ባዶ አይደለም። ፊዚዮቴራፒ በአሜሪካ ወደ ዶክትሬት ተሻግሮ ጨርሷል፤ ለእርሱ የተቆረጠው ቀን የ2015 መጨረሻ ነበር። ፋርማሲም ቀድሞ ሄዷል። በአንድ ሆስፒታል ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም ዶክተር ሲባል አንዱ ብቻ ሳይባል መቅረቱ ያሳስባቸዋል። ከዚህ የሚጠነክረው ክርክራቸው ግን ሌላ ነው፤ የማስተርሱ ሥርዓተ ትምህርት በዓመታት ውስጥ እየተጫነ ከመሄዱ የተነሣ ተማሪው በሌላ ዘርፍ ዶክትሬት ሊያሰጥ የሚችል ሸክም ተሸክሞ በማስተርስ ይመረቃል ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው። መፍትሔው ግን ሸክሙን ማቅለል ነው ወይስ ስሙን ማሳደግ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ዶክትሬቱ በእርግጥ የሚጨምረው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ያህል ይወስዳል። በመጨረሻም 14 ሳምንት ወይም 560 ሰዓት የሚፈጅ የማጠቃለያ ልምምድ አለው፤ ተማሪው በምርምር፣ በአመራር፣ በፖሊሲ ወይም በመሰለ አንድ ዘርፍ ጠለቅ ብሎ ይሠራል። ፒኤችዲ አይደለም፤ ስሙ ዶክትሬት ቢሆንም የሙያ ዲግሪ ነው እንጂ ተመራማሪ ለማፍራት የታሰበ አይደለም። ማስተማር ወይም አዲስ አገልግሎት ማቋቋም ለሚፈልግ ሰው እነዚህ ሳምንታት ጥሩ መንደርደሪያ ናቸው። ከሕፃናት ጋር ክሊኒክ ውስጥ ሠላሳ ዓመት መሥራት ለሚፈልግ ግን ምን እንደሚጨምሩለት ለማስረዳት ብዙ ላብ ይጠይቃል።

ምክንያቱም ከምረቃ በኋላ ሁለቱ ዲግሪዎች በአንድ በር ነው የሚያልፉት። ፈተናው አንድ ነው፤ ከ300 እስከ 600 በሚደርስ መለኪያ 450 ያመጣ ያልፋል። ፈተናው ተፈታኙ ማስተርስ ይሁን ዶክትሬት አይጠይቅም። የሙያ ፈቃዱም አንድ ነው፤ ዶክትሬት ያለው ሰው ማስተርስ ያለው የማይነካውን ሕመምተኛ እንዲያይ አይፈቅድለትም። ከፋዩም ልዩነት አያደርግም። ለአረጋውያን ሕክምና የሚከፍለው የመንግሥት መድን ሜዲኬር ከ2022 ጀምሮ ረዳት ቴራፒስት ለሰጠው አገልግሎት የሚከፍለውን ወደ 85 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። እንግዲህ ከፋዩ በሙያ ደረጃዎች መካከል ዋጋ መለየት ያውቃል ማለት ነው። በማስተርስና በዶክትሬት መካከል ግን የለየው ሳንቲም የለም። ዩኒቨርሲቲው እስከ አንድ ዓመት ለሚደርስ ተጨማሪ ጊዜ ያስከፍላል፤ ገበያው ግን ለዚያ ጊዜ ዋጋ አልሰጠውም።

በእኔ እይታ ግን የዲግሪው ክርክር ሌላ የባሰ ችግር ሸፍኖ ነው የኖረው፤ የተግባር ልምምድ ቦታ እጥረት። ወደ አልጋው ዳር እንመለስ። ያቺ ተማሪ ሰውየው ሲታገል አይታ የመጀመሪያ ምላሿ እጇን ዘርግታ ቁልፉን ልትቆልፍለት መሞከር ነው። ደግ ሰው ስለሆነች ነው ይህን ሙያ የመረጠችው፤ ደግነቷም የመጀመሪያ እንቅፋቷ ይሆናል። አሠልጣኟ የምታስተምራት እጇን መሰብሰብ ነው። መቼ መጠበቅ፣ መቼ በቃል ብቻ መጠቆም፣ መቼ ክንዱን ነካ አድርጎ ማስጀመር፣ መቼስ ጨርሶ ማገዝ እንደሚገባ። አሥር ሰከንድ ዝም ብሎ መጠበቅ ረጅም ጊዜ ነው። ሰውየው በዚያ አሥረኛው ሰከንድ ላይ በራሱ ዐይኑን ወደ ግራ ካዞረ የቀኑ ሕክምና ተፈጸመ። ቀድማ ከቆለፈችለት ግን ሸሚዙ ተቆለፈ እንጂ ሰውየው አልታከመም።

ይህን መጽሐፍ አያስተምርም። የመምህር ንግግርም፣ በኮምፒውተር የሚሠራ የተመሰለ ታካሚም እስከ ተወሰነ ድረስ ነው የሚያደርሰው። ለዚህ ነው የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ለትምህርት ባወጣው ዝቅተኛ መስፈርት ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድ የሚጠይቀው። በአሜሪካም ተማሪው መጀመሪያ በጥቂቱ እየገባ ያያል፤ በኋላ ቢያንስ 24 ሳምንት በሙሉ ጊዜ፣ እንደ ጀማሪ ባለሙያ ታካሚ ተረክቦ ይሠራል። አሠልጣኙ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት የሠራ መሆን አለበት። አንድ ዓመት! ገና የራሱን እግር ያልተከለ ሰው ሌላውን ሊተክል ይችላል ማለት ነው። መስፈርቱ እንዲህ የላላው አሠልጣኝ ስላልበዛ ይመስለኛል።

አሠልጣኝ የማይበዛበት ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ብዙ ክሊኒኮች ሠራተኛቸውን የሚለኩት ለታካሚ በዋለውና ሒሳብ በሚቆረጥለት ደቂቃ ነው። ተማሪ ይዞ መሥራት መጀመሪያ ላይ ያዘገያል፤ ቁጭ ብሎ «ምን አየሽ? ለምን እንዲህ አሰብሽ?» ብሎ መነጋገር ሒሳብ የለውም። አሠልጣኙም ለዚህ ሥራው ብዙውን ጊዜ የተለየ ክፍያ አያገኝም፤ በበጎ ፈቃድና በሙያ ፍቅር ነው የሚይዘው። ተማሪው ደግሞ በእነዚያ ወራት ያለ ደመወዝ እየሠራ ለዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። እንግዲህ የሥልጠናው ልብ የሆነው ክፍል ማንም የማይከፍልበት፣ ይልቁንም ሠልጣኙ የሚከፍልበት ሆኖ ቀርቷል። ትምህርት ቤቶች ሲበዙ ለአንድ ክሊኒክ የሚደርሱት የምደባ ጥያቄዎች ይበዛሉ፤ አንዳንዱ ተማሪ ከሚኖርበት ርቆ፣ ሁለተኛ ቤት ተከራይቶ ሦስት ወር ይቆያል። ዶክትሬቱ 14 ሳምንት ሲጨምር ከዚህችው ጠባብ ጉድጓድ ተጨማሪ ውኃ እየቀዳ ነው።

በሌሎች አገሮች ያለውን ስናይ የዲግሪው ስም ወሳኝ አለመሆኑ ይብሱን ይገለጣል። በእንግሊዝ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ የሙያ ምዝገባ ያሰጣል፤ ሌላ ዲግሪ ላለው የሁለት ዓመት ማስተርስ አለ፤ እየሠሩ የሚማሩበት መንገድም ተከፍቷል። በአውስትራሊያ አራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ማስተርስ ነው። የዓለም ፌዴሬሽኑ የሚጠይቀው ሰዓቱንና ይዘቱን ነው። ቁጥሩም ከበድ ያለ ነው፤ በዓለም የጤና ድርጅት ግምት 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የተሐድሶ አገልግሎት ሊጠቅማቸው የሚችል የጤና ችግር አለባቸው። ይህን ሁሉ ሰው ለማየት የሚያስፈልገውን ባለሙያ በዶክትሬት ብቻ አፈራለሁ የሚል አገር ብዙ መጠበቅ ይኖርበታል።

የሙያው ዋጋ ግን አጠራጣሪ አይደለም። በ2016 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሆስፒታሎች በልብ ድካም፣ በሳንባ ምችና በልብ ድንገተኛ ሕመም ለተኙ ሰዎች የሚያወጡትን ወጪ በየዘርፉ ሲመረምር፣ በሦስቱም ሕመሞች ላይ ተጨማሪ ወጪው ከሆስፒታል ወጥተው ዳግመኛ ለመተኛት የሚመለሱ ታካሚዎች ቁጥር መቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ብቻ ነበር። ተያያዘ ማለት አስከተለ ማለት አይደለም፤ ጥሩ የሚሠራ ሆስፒታል ለኦኩፔሽናል ቴራፒም ብዙ ሊያወጣ፣ ታካሚዎቹም ጥቂት ብቻ ሊመለሱበት ይችላል። ሆኖም ታካሚው ቤቱ ሲገባ መድኃኒቱን ከጠርሙስ አውጥቶ መዋጥ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ለውጥ ያመጣል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ያ ጥናት ያየው ከማስተርስ በላይ መግቢያ ግዴታ ባልነበረበት ዘመን የሠሩ ባለሙያዎችን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አሜሪካ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከ2006 ጀምሮ የትምህርቱን ወጪ በሙሉ ከመንግሥት መበደር ይችል ነበር። ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን በር ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘጋው። ከዚህ በኋላ ተራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው ደግሞ 100,000 ዶላር ብቻ ነው ከመንግሥት መበደር የሚችለው። «የሙያ ዲግሪ» የሚባለውን የሚማር ግን በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ይፈቀድለታል። እንግዲህ የሙያ ዲግሪ የትኛው ነው? በኅዳር 2025 ደንቡን ያረቀቀው ኮሚቴ የተስማማበት ዝርዝር ሕክምናን፣ ሕግን፣ ፋርማሲን፣ የጥርስና የእንስሳት ሕክምናን፣ ሥነ መለኮትን ሳይቀር ሲይዝ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒን፣ ፊዚዮቴራፒንና ነርሲንግን ወደ ውጭ አስቀረ። ጥያቄው ከክብር ያለፈ ነው። «ዶክተር» ተብሎ ለመጠራት የተደረገው የሃያ ዓመት ጉዞ የብድር ዝርዝሩ ላይ ለመግባት አልበቃም።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ በጣት እንቁጠረው። ለሦስት ዓመት ዶክትሬት በ20,500 ዶላር ጣሪያ የሚገኘው 61,500 ዶላር ነው። በብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያው ብቻውን ከዚህ ይበልጣል፤ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ገና አልተነካም። ቀሪውን ወላጅ ይሸፍናል፣ ወይም ወለዱ ከፍ ያለና ዋስ የሚጠይቅ የግል ብድር ይሸፍናል። ዋስ የሌለው ተማሪ ይቀራል። የዶክትሬት ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ በዚህ መንገድ ውሳኔ እያገኘ ነው፤ ስለ ታካሚው ምንም ባልተነገረበት ክፍል ውስጥ፣ በብድር ጣሪያ። አጭሩና ርካሹ ዲግሪ ተፈላጊነቱ እንደሚጨምር እጠብቃለሁ። ማስተርሳቸውን ዘግተው ወደ ዶክትሬት የሄዱ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም የዘጉትን በር እንደገና ሲያንኳኩ ብናይ አይገርመኝም።

እስከዚያው ለማመልከት የተዘጋጀ ሰው ለትምህርት ቤቱ ሊያቀርብ የሚገባው ጥያቄ ብሮሹሩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የዲግሪ ስም የሚመለከት አይደለም። የልምምድ ቦታ ከስንት ተቋማት ጋር በጽሑፍ ተፈራርማችኋል? ባለፈው ዓመት ቦታ ጠፍቶ ምረቃው የዘገየበት ተማሪ አለ? አሠልጣኙ በቀን ስንት ታካሚ እያየ ነው ተማሪ የሚይዘው? ለሦስተኛው ጥያቄ ቁጥር ይዞ የሚመልስ አስተባባሪ ካገኘ ማመልከቻውን እዚያው ይሙላ።